ካሜራ ከመግዛታችሁ በፊት ግማሽ ሊትር ሃይላንድ አንጠልጥላችሁ እንጦጦን ውጡ፦ ለረጅም የእግር ጉዞ የካሜራ አመራረጥ

ፒያሳ ካሜራ ቤት ገብቶ "ለጉዞ የሚሆን ጥሩ ካሜራ" ብሎ ለሚጠይቅ ሰው ብዙ ጊዜ ከመደርደሪያው ትልቁ ይወርድለታል። ሻጩ አልዋሸም፤ ከደንበኞቹ ብዙዎቹ ሠርግና ስቱዲዮ የሚሠሩ ስለሆኑ "ጥሩ" ሲባል የሚታየው እሱ ነው። ችግሩ ያ ካሜራ ሰሜን ተራሮች ላይ ከሳንቃበር እስከ ጨነቅ ደረት ላይ ተንጠልጥሎ የሚሄድ አለመሆኑ ነው። ከሻጩ ጀርባ ደግሞ "የተሸጠ ዕቃ አይመለስም" የሚል ወረቀት ተለጥፏል።

ከዚህ በታች ያለው ቅደም ተከተል ያንን ወረቀት ታሳቢ ያደረገ ነው። መመለስ ስለሌለ ክብደቱም ጥንካሬውም ብር ከመቆጠሩ በፊት መፈተሽ አለበት። ክብደቱን ለመፈተሽ እንዲያውም ካሜራው ራሱ አያስፈልግም።

ደረጃ 1፦ ጣሪያውን በግራም ወስኑ

ለብዙ ቀን ጉዞ የካሜራ ነገር በሙሉ፣ ማለትም ካሜራው፣ ሌንሱ፣ ትርፍ ባትሪው፣ ማንገቻውና ከረጢቱ ተደምሮ ከ1 ኪሎ ባያልፍ ጥሩ ነው። ካሜራና ሌንስ ለብቻቸው ከ700 ግራም ባይበልጡ ይመረጣል። ሕግ አይደለም። ግን ከዚህ ሲያልፍ ካሜራው በሁለተኛው ቀን ከደረት ወደ ቦርሳ፣ በሦስተኛው ቀን ከቦርሳ ወደ በቅሎ ጭነት ይዛወራል። ሰሜን ተራሮች ላይ በቅሎ መከራየት የተለመደ ስለሆነ "በቅሎዋ ትሸከመው የለ" የሚል ሐሳብ ቶሎ ይመጣል። በቅሎዋ ግን የምትሄደው በራሷ ሰዓት ነው፤ የጭላዳ መንጋ ፊታችሁ ሲያቋርጥ ካሜራው ማደሪያው ደርሶ ይጠብቃችኋል። ጭነቱ በገመድ ሲጠፈር ደግሞ ሌንሱ ላይ ምን እንደተጫነ የሚያይ የለም።

በካርቶኑ ላይ የተጻፈውን ክብደት አትመኑ፤ ብዙ ጊዜ ያለ ባትሪና ያለ ሌንስ ነው። ኒኮን ዲ3500 ባዶውን 365 ግራም ነው። ባትሪና ካርድ ሲገባበት 415 ይሆናል፤ ከሱ ጋር የሚሸጠው አዲሱ 18-55 ሌንስ ሌላ 205 ይጨምራል። 365 ብላችሁ የጀመራችሁት 620 ሆነ ማለት ነው። ሱቅ ውስጥ መመዘን ካስፈለገ መንገድ ዳር ሰው የሚመዝኑት ልጆች ሚዛን አይሆንም፤ ቡና ፈጭቶ የሚሸጥ ቤት ግን በግራም የሚያነብ ዲጂታል ሚዛን አለው።

አሁን ወደ ሃይላንዱ። በውሃ የተሞላ የግማሽ ሊትር ሃይላንድ ከነላስቲኩ ከ510 እስከ 520 ግራም ገደማ ይመዝናል። ሶኒ ኤ6400 ከትንሹ 16-50 ሌንሱ ጋር 519 ግራም ነው። አንድ ናቸው ማለት ይቻላል። ግማሽ ድረስ የተሞላ ሃይላንድ ደግሞ እንደ ሪኮ ጂአር 3 ያለች የኪስ ካሜራን ያክላል። በሌላው ጫፍ ካነን 5ዲ ማርክ 4 ከ24-105 ሌንሱ ሁለተኛ ትውልድ ጋር 1,685 ግራም ነው፤ ከባለ ሊትር ተኩሉም ይበልጣል።

ያሰባችሁትን ካሜራ ያህል ውሃ ሙሉና በማንገቻ ደረታችሁ ላይ አንጠልጥሉት። ከአራት ኪሎ ታክሲ ይዛችሁ ሽሮ ሜዳ ውረዱና በእግር እስከ እንጦጦ ማርያም ውጡ። ከፍታው 3,000 ሜትር ገደማ ስለሚደርስ ትንፋሹም ለተራራው ልምምድ ይሆናል። ስትወጡ ሦስት ነገር ልብ በሉ። ማንገቻው አንገት ላይ የቱ ጋ ይቆረቁራል? ስትወርዱ እየተወዛወዘ ደረት ይመታል? ከዘራ ወይም ዱላ የያዘው እጅ ሳይለቅ በሌላው እጅ ይደረስበታል? ማርያም ሳትደርሱ ሃይላንዱን ወደ ቦርሳ ከከተታችሁት መልሱ ታውቋል፤ አንድ ደረጃ ወደሚቀለው ውረዱ።

ደረጃ 2፦ ምን እንደምታነሡ ሌንሱን ይወስናል

ሰዎች የሚያብዱት በሜጋፒክስል ነው፤ ተራራ ላይ ግን ለውጡን የምታዩት በሌንሱ ርዝመት ነው። ቁጥሩ ሲያድግ ሩቁ ይቀርባል። ከዚህ በታች ያሉት የርዝመት ቁጥሮች፣ በሌንስ ስም ላይ ካሉት (እንደ 12-45) በቀር፣ በፉል ፍሬም ልክ የተሰሉ ናቸው፤ ፉል ፍሬም ማለት ሴንሰሩ፣ ማለትም ብርሃን ተቀብሎ ምስል የሚሠራው ክፍል፣ የድሮውን 35 ሚሊ ሜትር ፊልም ያህል የሆነ ካሜራ ነው።

የሰሜንን ገደል፣ የወንጪን ሐይቅ ወይም የደብረ ሊባኖስን ሸለቆ ለማንሣት ከ24 እስከ 28 ሚሊ ሜትር ይበቃል። ጭላዳ ሰው ብዙም ስለማይሸሽ ከ70 እስከ 100 ሚሊ ሜትር ጥሩ ምስል ይሰጣል፤ ይበልጥ መጠጋት አያስፈልግም። ዋልያ ግን ገደሉ ጠርዝ ላይ ነው የሚቆመው፣ 200 ሚሊ ሜትር ይፈልጋል። ባሌ ሳነቴ ላይ፣ ከ4,000 ሜትር በላይ ባለው ሜዳ፣ ቀይ ቀበሮን የሚያስብ ሰው 300 ቢኖረው ይሻላል፤ በ28 ሚሊ ሜትር ያነሣው ቀበሮ ሣር ውስጥ የወደቀ ቅጠል ይመስላል።

ስለዚህ መልክዓ ምድርና የመንገድ ጓደኛ ብቻ ለሚያነሣ ሰው የማይነቀል ሌንስ ያላት ትንሽ ካሜራ ትበቃለች። አውሬ ለሚፈልግ ሰው የሚነቀል ሌንስ ያለው ትንሽ ሚረርለስ (ውስጡ መስታወት የሌለው ካሜራ) ይሻላል። ከሁለቱ አንዱን ሳትመርጡ ሱቅ አትግቡ፤ "ለሁሉም የሚሆን" የተባለው ካሜራ ሁልጊዜ ከባዱ ነው።

ደረጃ 3፦ ዓይነቱን ምረጡ

መጀመሪያ ስልኩ። ጥሩ ስልክ ያለውና ፎቶውን በስልክ ብቻ የሚያይ ሰው ካሜራ ባይገዛ አይጎዳም። ስልክ የሚያንሰው ሩቅ ሲሆን፣ ሲጨልምና ባትሪው ለካርታም ለስልክም ለፎቶም ሲከፈል ነው።

የኪስ ካሜራ ላይ ሁለት ጥሩ ምርጫዎች አሉ። ሪኮ ጂአር 3 ከነባትሪው 257 ግራም ሲሆን ሴንሰሩ እንደ ኒኮን ዲ3500 ያሉትን ትልልቅ ካሜራዎች ያህል ነው፤ ሌንሱ ግን 28 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው፣ አይጎተትም። በጎማ የታሸገ ስላልሆነ አቧራ ሴንሰሩ ላይ መግባቱ የታወቀ ድክመቱ ነው። ሶኒ አርኤክስ100 ማርክ 7 302 ግራም ሆኖ ከ24 እስከ 200 ሚሊ ሜትር ይዘልቃል፤ ለክብደቱ ይህን ያህል የሚሰጥ ብዙ የለም። ሴንሰሩ አንድ ኢንች የሚባለው ነው፤ ለቀን ብርሃን ይበቃል፣ ለሌሊት ሰማይ ያንሳል። ሌንሱ በሞተር የሚወጣና የሚገባ ስለሆነ አሸዋ ከገባበት ይነክሳል።

ውሃ የሚችለው ኦሊምፐስ ቲጂ-6 253 ግራም ነው። 15 ሜትር ውሃ ውስጥ ይገባል፣ ከ2.1 ሜትር መውደቅን ይችላል፣ እስከ 10 ዲግሪ ከዜሮ በታች ይሠራል። ክረምት ለሚጓዝ ወይም ዕቃ ከእጁ ለሚወድቅበት ሰው ይህ ነው። የምስሉ ጥራት ግን ሴንሰሩ ትንሽ ስለሆነ ከደህና ስልክ ብዙም አይርቅም፤ ይህን አውቃችሁ ግዙት።

የሚነቀል ሌንስ ካላቸው ኦሊምፐስ ኢ-ኤም5 ማርክ 3 ለረጅም ጉዞ ሚዛኑን የጠበቀ ነው፦ ካሜራው 414 ግራም፣ በጎማ የታሸገው 12-45 ሌንሱ 254፣ ድምር 668። አውሬ ለሚፈልግ 190 ግራም ብቻ የሆነ 40-150 ሌንስ አለው፤ በፉል ፍሬም ልክ ከ80 እስከ 300 ማለት ነው፣ እሱ ግን አልታሸገም። በሌላ በኩል ሶኒ ኤ6000 ወይም ኤ6400 ቀለል ይላል፣ ሴንሰሩም ይተልቃል። ካነን 250ዲ ከ18-55 ሌንሱ ጋር 664 ግራም ነው፤ ዲኤስኤልአር (ውስጡ መስታወት ያለው ካሜራ) ሆኖ ከጣሪያችን በታች የሚገባ ነው። ለአዲስ አበባ ትልቁ ጥቅሙ ካነን ስለሆነ ሌንስ፣ ባትሪና ቻርጀር ከሰው መዋስም መግዛትም ቀላል መሆኑ ነው። ይህን አትናቁት፤ ጉዞው ነገ ሊሆን ዛሬ ቻርጀር የጠፋበት ሰው ያውቀዋል።

አንድ ነገር ደግሞ፦ የዓይን መመልከቻ። ከ3,500 ሜትር በላይ በእኩለ ቀን ፀሐይ የጀርባው ስክሪን ጥቁር መስታወት ይሆናል። ጂአር 3ም ቲጂ-6ም የዓይን መመልከቻ የላቸውም።

ደረጃ 4፦ "ጠንካራ" የሚለውን ቃል በትኑት

ካሜራ በእግር ጉዞ ላይ የሚበላሸው ተሰብሮ ብቻ አይደለም። አቧራ ይገባዋል፣ ጤዛ ውስጡ ይቋጥራል፣ የባትሪ በሩ ይላላል፣ ማንገቻው የሚታሰርበት ቀለበት ይበላል። ስለዚህ "ብረት ነው ወይስ ፕላስቲክ?" ከሚለው ጥያቄ ይልቅ "የት ጋ ነው ክፍት የሆነው?" የሚለው ይጠቅማል።

"የታሸገ" የሚባለው ካሜራ ሌንሱም የታሸገ ካልሆነ ጣሪያው ተሠርቶ በሩ እንዳልተገጠመ ቤት ነው። በአይፒ ቁጥር ሲነገራችሁ የመጀመሪያው አኃዝ አቧራን፣ ሁለተኛው ውሃን ይመለከታል። አይፒ53 አቧራን በደንብ ይከላከላል፣ ከላይና በሰያፍ የሚረጭ ውሃንም ይችላል፤ ወንዝ ውስጥ መውደቅን ግን አይደለም። የትራይፖድ ቀዳዳውንም ተመልከቱ። ኢ-ኤም5 ማርክ 3 ለምሳሌ ቀዳዳው ዙሪያ ፕላስቲክ ስለሆነ በዚያ በኩል ሲያንጠለጥሉት የተሰነጠቀባቸው አሉ፤ በጎኑ ባሉት የማንገቻ ቀለበቶች ማንጠልጠል ይሻላል።

ደረጃ 5፦ ባትሪውን አስሉ

ፋብሪካው የሚሰጠውን የፎቶ ብዛት በ0.6 አባዙት፤ ብርዱ፣ ስክሪኑ ላይ መቆየቱና ቪዲዮው ቀሪውን ይበላዋል። ለስድስት ቀን በቀን 80 ፎቶ 480 ነው። የአርኤክስ100 ማርክ 7 ባትሪ 260 ይላል፤ በ0.6 ሲባዛ 156። 480 ለ156 ሲካፈል ከ3 ትንሽ ስለሚያልፍ አራት ባትሪ፣ ወይም ሁለት ባትሪና ፓወር ባንክ ያስፈልጋል።

ፓወር ባንኩም ሒሳብ አለው። 10,000 ሚሊ አምፒር ሰዓት የሚለው 37 ዋት ሰዓት ነው፤ ሲሞላና ሲወጣ ሲሶው ይባክንና 25 ገደማ ይቀራል። የዚያ ካሜራ ባትሪ 4.5 ዋት ሰዓት ስለሆነ አምስት ጊዜ ያህል ይሞላል። ስልካችሁን አንድ ጊዜ ከሞላችሁበት ግን ሁለት ነው የሚተርፈው። ማደሪያዎቹ ላይ በመብራት መተማመን አይቻልም። ወደ ጎንደር በአውሮፕላን ከሆነ ፓወር ባንኩ በእጅ ቦርሳ ነው የሚገባው፣ በሚጫነው ሻንጣ አይደለም፤ እስከ 100 ዋት ሰዓት ይፈቀዳል።

ሌሊት ባትሪዎቹን ካልሲ ውስጥ ከታችሁ መኝታችሁ ውስጥ ይዛችሁ ተኙ። ጠዋት "አለቀ" ያለ ባትሪ ብብት ሥር ሲሞቅ ብዙ ጊዜ ጥቂት ይመለሳል።

ደረጃ 6፦ ሱቅ ውስጥ የሚደረገው ምርመራ

በ2016 ዓ.ም. የኮሪደር ልማት ምክንያት ፒያሳ የነበሩ ብዙ ሱቆች ስለተነሡ የድሮ አድራሻ ይዛችሁ አትንከራተቱ፤ አስቀድማችሁ ደውሉ። ሞዴሉን ወስናችሁ ሂዱና በአንድ ቀን ሦስት ቦታ ዋጋ ጠይቁ፤ ዋጋው ከዶላሩ ጋር ስለሚንቀሳቀስ ያለፈው ሳምንት ዋጋ አይሠራም። የራሳችሁን ሚሞሪ ካርድ፣ ንጹሕ ነጭ ወረቀትና ላፕቶፕ ያዙ። ምርመራው 40 ደቂቃ ያህል ይወስዳል። ሻጩ "ምንም የለበትም" እያለ ካጣደፋችሁ ሌላ ሱቅ አለ።

ቡሎኖቹን እዩ። ጭንቅላታቸው የተፋቀ ከሆነ ካሜራው ተከፍቶ ያውቃል። ሌንሱ የሚገጠምበት ብረት የተቧጨረ ወይም የተወላገደ ከሆነ ወድቋል። አሽትቱት፤ የሻጋታ ሽታ ካለው አታስቡት።

ሌንሱን ነቅላችሁ በስልክ መብራት በአንድ በኩል አብሩበትና በሌላው ተመልከቱ። ጥቂት የአቧራ ብናኝ ምንም አያደርግም። የሸረሪት ድር የመሰለ ነጭ ክር ግን ሻጋታ ነው፤ ይስፋፋል። ዙሙን በዝግታ አዙሩ፦ የአሸዋ ድምፅ፣ መንከስ ወይም መወዛወዝ ሊኖር አይገባም።

ሴንሰሩን እንዲህ ፈትሹ። ካሜራውን ኤ (ካነን ላይ ኤቪ) የሚለው ሞድ ላይ አድርጉ፣ አፐርቸሩን (የሌንሱን የብርሃን ክፍተት) ኤፍ 16 ወይም ካሜራው በሚችለው ጠባቡ ላይ አድርጉ፣ ፎከሱን በእጅ ወደ ሩቅ ውሰዱና ነጩን ወረቀት ከቅርብ አንሡት። እጃችሁ ቢንቀጠቀጥ ችግር የለም፤ እንዲያውም ይሻላል፣ ወረቀቱ ላይ ያለው እድፍ ይደበዝዝና የሴንሰሩ ብቻ ይቀራል። ምስሉን አጉልታችሁ ከጥግ ጥግ እዩ። ድቡልቡል ግራጫ ነጥብ አቧራ ነው። ሌንሱ የሚነቀል ከሆነ ይጸዳል፣ ዋጋ መደራደሪያ ነው። የኪስ ካሜራ ከሆነ ግን ለማጽዳት መፈታት አለበት፤ ተዉት። ቀጥሎ ክዳኑን ዘግታችሁ በአይኤስኦ 800 ለ10 ሰከንድ አንሡ። አንድ ሁለት ቀይ ወይም ሰማያዊ ነጥብ ያለ ነው፣ እንደ ከዋክብት ከበዛ ግን ሴንሰሩ ደክሟል።

ውጡና የቆርቆሮ አጥር ፈልጉ፤ መሃል አዲስ አበባ ይህ አይጠፋም። ቀጥ ብላችሁ ፊት ለፊቱ ቁሙና በኤፍ 4 ወይም ሌንሱ በሚችለው ትልቁ ክፍተት አንሡ። የቆርቆሮው ሽንሽን በግራና በቀኝ ጫፍ እኩል መጥራት አለበት። አንዱ ጎን ጥርት ብሎ ሌላው ከሟሸሸ የሌንሱ መስታወት ተዛንፏል፤ ይህ ከመውደቅ የሚመጣ ነው፣ እዚህ ማስጠገንም አስቸጋሪ ነው። ስታነሡ ወደ ቤተ መንግሥትና ወደ ወታደራዊ ቦታ አታዙሩት፤ ካሜራውን ለመሞከር ወጥታችሁ ከጥበቃ ጋር እሰጥ አገባ ትገባላችሁ።

ለ15 ደቂቃ ቪዲዮ እየቀረፀ ተዉትና ባትሪው ስንት እንደወረደ እዩ። ባትሪውን ጠረጴዛ ላይ በጀርባው አስቀምጡትና በጣት አሽከርክሩት፤ እንደ እንዝርት ከዞረ አብጧል። ቻርጀሩንም ሰክታችሁ መሙላቱን አረጋግጡ። ኒኮን ከሆነ ያነሣችሁት ፎቶ ፋይል ውስጥ ሻተሩ (ፎቶ ሲነሣ ተከፍቶ የሚዘጋው መጋረጃ) ስንት ጊዜ እንደሠራ ተመዝግቧል፤ ዲ3500 የተፈተነው ለ100,000 ነው፣ 80,000 የደረሰ ከሆነ ዋጋው መውረድ አለበት። ሜኑውንም ክፈቱ፦ ለጃፓን ገበያ የተሠሩ ሶኒዎች ብዙ ጊዜ በጃፓንኛ ብቻ ይሆናሉ፣ ቋንቋው ከሜኑው አይቀየርም።

ሚሞሪ ካርድ ሌላው ወጥመድ ነው። 128 ጊጋባይት የሚል ፎርጅድ ካርድ ውስጡ 8 ሊሆን ይችላል፤ ሲሞላ ስህተት አይናገርም፣ የድሮውን እያጠፋ በላዩ ይጽፋል። በላፕቶፕ እስኪሞላ ፋይል ገልብጡበትና መጀመሪያና መጨረሻ ላይ ያሉትን ክፈቱ። ከአንድ 128 ይልቅ ሁለት 64 ያዙ።

ደረሰኙ ላይ የካሜራው ሴሪያል ቁጥር ይጻፍ። ከግለሰብ ያገለገለ ከሆነ የመታወቂያ ኮፒ ተቀበሉ፤ የተሰረቀ ዕቃ ይዞ መገኘት ከካሜራው ዋጋ ይበልጣል።

ደረጃ 7፦ ማንገቻና ከረጢት

ከካሜራው ጋር የሚመጣው የአንገት ማንገቻ ለከተማ ነው። ለተራራ ካሜራው ከቦርሳው ትከሻ ማሰሪያ ጋር ደረት ላይ መያያዝ አለበት። ለዚህ የተሠራ ብረት መያዣ ከሌለ ጎበዝ ጫማ ሰፊ ከሸራና ከቦርሳ ማሰሪያ ከረጢት ይሰፋላችኋል። ልኩን ስትሰጡ ከካሜራው በየጎኑ 1 ሴንቲ ሜትር ጨምሩ፣ ክዳኑ በቬልክሮ ሳይሆን በቁልፍ ይሁን፤ የቬልክሮ ድምፅ አውሬ ያባርራል።

ሌንስ በነጠላ ወይም በሸሚዝ አይጠረግም፤ ጨርቁ ቢለሰልስም የያዘው አቧራ ይፈገፍጋል። በአፍ መንፋትም ምራቅ ይረጫል። በእጅ የሚጨመቅ የጎማ መንፊያ፣ ቀጥሎ ማይክሮፋይበር ጨርቅ። ከብርድ ወደ ሞቀ ቤት ስትገቡ ካሜራውን ውጭ እያላችሁ ፌስታል ውስጥ ቋጥሩት፤ ጤዛው ፌስታሉ ላይ ይቋጥራል፣ አንድ ሰዓት ቆይታችሁ ፍቱት። ከጫማ ካርቶን የሚወጡትን እርጥበት የሚመጥጡ ትንንሽ ከረጢቶች አትጣሉ፣ ሦስት አራቱን ከካሜራው ጋር ክተቱ።

ከመነሣታችሁ በፊት ሰዓቱን አስተካክሉ። ካሜራው የሚያውቀው የፈረንጅ አቆጣጠር ነው፤ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓትን 2፡00 ብላችሁ ከሞላችሁት ፎቶው ሌሊት የተነሣ ይመስላል፣ ከስልካችሁ ፎቶዎች ጋር ሲደባለቅም ቅደም ተከተሉ ስድስት ሰዓት ይዛነፋል። 8፡00 ብላችሁ ሙሉት።